የአስማት ሥርዓቶች በጠረጴዛ ሚና ጨዋታዎች

የአስማት ሥርዓት በጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ውስጥ ገጸ ባሕርያት ድግምት የሚፈጽሙበትን መንገድ፣ ለዚያ የሚከፍሉትን ዋጋና የማያልፉትን ወሰን የሚወስን የደንብ ክፍል ነው። የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በቃል የሚጫወቱት የትረካ ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙንና ባላጋራውን ያቀርባል። የአንድ ድርጊት ውጤት አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል።

የተለያዩ ጨዋታዎች አስማትን የሚያስተናግዱበት ደንብ በዋናነት በሁለት ጥያቄዎች ይለያያል፤ አስማቱ ምን ያስከፍላል? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ይህ ጽሑፍ የታወቁትን ሥርዓቶች በእነዚህ ጥያቄዎች ያነጻጽራል። ቀጥሎም በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ለዘመናት ከቆየው የክታብና የጠልሰም ልማድ ጋር ያስተያያቸዋል፤ ይህ ልማድ ጨዋታ ባይሆንም ጥብቅ የሆነ የራሱ ደንብ አለውና።

ስያሜ

በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግሉት ቃላት እያንዳንዳቸው ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ይጠቁማሉ። «አስማት» በግዕዝ «ስም» ለሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም «ስሞች» ማለት ነው። በክታብ ላይ የሚጻፉት ኅቡኣት የአምላክ ስሞች አስማት ይባላሉ። «ድግምት» ከ«ደገመ» የወጣ ሲሆን፣ ዳዊት ደገመ እንደሚባለው ቃልን ደጋግሞ ማንበብን ያመለክታል። «ክታብ» ከ«ከተበ»፣ ማለትም ከጻፈ የመጣ ነው። «ጠልሰም» ደግሞ ከግሪክኛ ተነሥቶ በዐረብኛ በኩል የተሰራጨ ቃል ሲሆን፣ ኃይል አለው የሚባልን ሥዕል ወይም ምልክት ይገልጻል። በዚህ አነጋገር ኃይሉ በስም፣ በድግግሞሽ፣ በጽሕፈት ወይም በሥዕል ላይ ያርፋል ማለት ነው።

የአስማት ሥርዓት ክፍሎች

አንድ የጨዋታ ደንብ ስለ አስማት ብዙውን ጊዜ አምስት ነገሮችን ይወስናል።

ምንጭ፦ ኃይሉ ከትምህርት፣ ከአምላክ፣ ከመንፈስ ወይም ከተፈጥሮ ስጦታ ሊገኝ ይችላል።

ዋጋ፦ አስማተኛው ጉልበቱን፣ ጊዜውን፣ ንብረቱን፣ ጤናውን ወይም ትውስታውን ሊከፍል ይችላል።

ዕውቀት፦ ድግምቱ አስቀድሞ የተወሰነ ዝርዝር ሊሆን፣ ወይም ተጫዋቹ በቦታው የሚገጣጥመው ሊሆን ይችላል።

ወሰን፦ አስማት ፈጽሞ የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ይነገራል።

አደጋ፦ ድግምቱ ሲከሽፍ የሚደርሰው ጉዳት ይወሰናል።

የዋጋ ደንብ የትረካ ጨዋታ መሠረት መሆኑ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያላወቀ ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ የሰጠውም ሀገር ካልተመቸ ሌላ ይጠየቃል። ሰጪው በእጁ ሀገር የለውም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ክፍያውን እንደ እውነት ስለሚቀበሉት ጨዋታው ይቀጥላል። የሚና ጨዋታ ደንብም የሚቆመው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

ዋና ዋና ሥርዓቶች

በትውስታ የሚሠራ አስማት

በገበያ ላይ የዋለው የመጀመሪያው የሚና ጨዋታ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አዘጋጅተውት በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታተመ። የአስማት ደንቡ የተወሰደው ደራሲው ጃክ ቫንስ በ1950 ካሳተመው «ዘ ዳይንግ ኧርዝ» ከተባለ መጽሐፍ ነው። በዚህ ደንብ አስማተኛው ድግምቱን ከመጽሐፉ አንብቦ በአእምሮው ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ከተጠቀመበት ግን ቃሉ ከአእምሮው ይጠፋል። ዳግመኛ ለመጠቀም እንደገና ማጥናት አለበት።

በ1974ቱ ደንብ ጀማሪ አስማተኛ የሚይዘው አንድ ድግምት ብቻ ነበር። ስለዚህ ዋናው ፈተና የሚመጣው ከውጊያው በፊት ነው። ተጫዋቹ ቀኑ ምን ይዞ እንደሚመጣ ገምቶ ይመርጣል፤ ግምቱ ከሳተ ባዶ እጁን ይቀራል። በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም ይህ ጥብቅነት ላልቷል። ጀማሪው በቀን ሁለት የድግምት ቦታ አለው፤ 20ኛ ደረጃ የደረሰው ደግሞ 22። ድግምቱ ከአእምሮ አይጠፋም፤ የሚያልቀው ቦታው ነው። ትንንሾቹ ድግምቶች ያለ ገደብ በነጻ ይሠራሉ። የንብረት ዋጋ የሚጠይቁት ከባዶቹ ናቸው፤ ለምሳሌ ሙት ለማስነሣት 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ያስፈልጋል፤ አልማዙም በሥራው ይጠፋል።

በጉልበት የሚከፈል አስማት

ኬን ሴንት አንድሬ በ1975 ያሳተመው «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» የትውስታውን ደንብ ትቶ ዋጋውን በሰውነት ላይ አደረገ። አስማተኛው ድግምት በፈጸመ ቁጥር ከጉልበት ነጥቡ ይቀነሳል፤ ሲያርፍ ቀስ በቀስ ይመለስለታል። ስቲቭ ጃክሰን በ1986 ያወጣው «ጉርፕስ»ም ዋጋውን በድካም ይቆጥራል። በዚህ ጨዋታ ቀላሉን ድግምት ያልተማረ ከባዱን ሊማር አይችልም፤ በሙያው የበሰለ ሰው ደግሞ ለአንድ ሥራ የሚከፍለው ድካም ያንሳል።

በ1989 የወጣው «ሻዶውራን» ዋጋውን አስቀድሞ አይቆርጥም። አስማተኛው መጀመሪያ ድግምቱን ይፈጽማል፤ ከዚያም የሚመለስበትን ጫና ለመቋቋም ዳይስ ይጥላል። ጠንካራ ከሆነ ሳይነካው ያልፋል፤ ከአቅሙ በላይ ከሞከረ ግን ይቆስላል። ስለዚህ ጥያቄው «ስንት ቀረኝ?» ሳይሆን «ምን ያህል ልድፈር?» ይሆናል።

በማኅበርና በአምልኮ የሚገኝ አስማት

በ1978 የታተመው «ሩንክዌስት» ግሬግ ስታፎርድ በፈጠረው ግሎራንታ በተባለ ዓለም ይካሄዳል። በዚህ ዓለም ትንሽ አስማት የጥቂት ሊቃውንት ሀብት አይደለም፤ ጦረኛውም ሌላውም ሰው ይጠቀምበታል። የሚከፈለውም በቀን ውስጥ ከሚተካ የነፍስ ኃይል ነው። ታላቁ አስማት ግን ከአንድ አምላክ ማኅበር ካልሆነ አይገኝም፤ ሰውየውም ከነፍስ ኃይሉ ከፊሉን ለዘለቄታው መስጠት አለበት። በዚህ ምክንያት ተጫዋቹ ስለ ማኅበሩ ሕግ፣ ስለ በዓላቱና ስለ ጠላቶቹ ማወቅ ይገደዳል። አስማቱ ከሰዎች ጋር ያለ ግዴታ ይሆናል።

በአእምሮ ጤና የሚከፈል አስማት

ሳንዲ ፒተርሰን በ1981 ያዘጋጀው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» የአስፈሪ ታሪክ ጨዋታ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የአእምሮ ጤና ነጥብ አላቸው። ምሥጢራዊ መጽሐፍ ማንበብ ዕውቀት ይጨምራል፤ ይህንኑ ነጥብ ደግሞ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ስለ ምሥጢሩ ያለው ዕውቀት ባደገ መጠን የአእምሮ ጤናው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ለዘለቄታው ይወርዳል። በሌሎች ጨዋታዎች ተጫዋቹ ድግምት ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ በዚህኛው መጽሐፉን ይክፈት ወይስ አይክፈት ብሎ ያመነታል።

እንደ ሰዋስው የሚገጣጠም አስማት

ጆናታን ትዊትና ማርክ ራይንሃገን በ1987 ያወጡት «አርስ ማጂካ» በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ላይ የተመሠረተ ነው። አስማቱ 5 የላቲን ግሦችንና 10 ስሞችን ያጣምራል። ግሦቹ መፍጠር፣ ማወቅ፣ መለወጥ፣ ማጥፋትና መግዛት ናቸው፤ ከስሞቹ መካከል እሳት፣ ውኃ፣ አየር፣ ምድር፣ አካልና አእምሮ ይገኛሉ። «መፍጠር» ከ«እሳት» ጋር ሲገጥም ነበልባል ይሆናል፤ «ማወቅ» ከ«አእምሮ» ጋር ሲገጥም ሐሳብን ማንበብ ይሆናል። በዚህ መንገድ 50 ጥምረቶች ይወጣሉ።

አስማተኛው የተጠና ድግምት ሊጠቀም ወይም በቦታው አዲስ ሊገጣጥም ይችላል፤ በቦታው የተገጣጠመው ደካማና አድካሚ ነው። በሩቅ ያለን ሰው ለመንካት ጸጉሩ፣ ጥፍሩ ወይም የቅርብ ዕቃው ያስፈልጋል። ወሰኑም በግልጽ ተነግሯል፤ አስማት የአምላክን ሥራ መለወጥ አይችልም፤ ጸሎት በሚዘወተርበት ቦታም ይደክማል።

በታዛቢ የሚወሰን አስማት

በ1993 የወጣው «ሜጅ፦ ዘ አሴንሽን» እውነታ የሚጸናው ሰዎች ሁሉ ስለሚያምኑበት ነው ብሎ ይነሣል። እንደ ዕድል ሊቆጠር የሚችል አስማት ብዙም አያስጠይቅም። ማንም ሊያስተባብለው የማይችል ተአምር፣ በተለይ ተራ ሰው እያየ ከተፈጸመ፣ በአስማተኛው ላይ ፓራዶክስ የተባለ ቅጣት ያከማቻል። ወሰኑ ያለው በሚያየው ሰው እምነት ውስጥ ነው።

በውል የሚገኝ አስማት

በአምስተኛው እትም «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ዋርሎክ የሚባለው የአስማተኛ ዓይነት ኃይሉን የሚያገኘው ከአንድ ታላቅ መንፈስ ጋር ውል በመግባት ነው። ያሉት የድግምት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ከአጭር ዕረፍት በኋላ ይመለሱለታል። የውሉ ዋጋ ግን በቁጥር አልተደነገገም። መንፈሱ ምን እንደሚጠይቅ የሚወስነው የጨዋታው መሪ ነው።

ዋጋው በዳይስ የሚወሰን አስማት

በ2012 የወጣው «ደንጀን ወርልድ» በሁለት ዳይስ ይሠራል። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድግምቱ ያለ ዋጋ ይሠምራል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሠምራል፤ ነገር ግን ተጫዋቹ ድግምቱን ከመርሳት፣ አስማቱ ከመድከምና አደጋን ወደ ራሱ ከመሳብ አንዱን ይመርጣል። ከ7 በታች ከሆነ ነገሩ ወደ መሪው ያልፋል። ሁለት ዳይስ ከሚያወጡት 36 ውጤቶች መካከል 6ቱ በመጀመሪያው፣ 15ቱ በሁለተኛው፣ 15ቱ በሦስተኛው ክፍል ይወድቃሉ። የገጸ ባሕርይው ችሎታ 2 ነጥብ ሲጨምር ግን ቁጥሩ 15፣ 15ና 6 ይሆናል።

አንድ ሁኔታ በተለያዩ ደንቦች

ልዩነቱ በአንድ ምሳሌ ጎልቶ ይታያል። መንገደኞች በደጋ አገር መሽቶባቸው፣ ጭጋግ ወርዶ፣ ብርዱ ሊገድላቸው ነው እንበል። ከመካከላቸው አንዱ አስማተኛ ነው፤ እርጥብ እንጨት ማንደድ ይፈልጋል።

በ1974ቱ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ጀማሪ አስማተኛ ከሆነ አይሳካለትም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ከተዘረዘሩት 8 ድግምቶች እሳት የሚያነድ የለም። በ2014ቱ እትም በነጻ ድግምት ያነደዋል፤ ብርዱም ችግር መሆኑ ይቀራል። በ«ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» ደንብ ከጉልበቱ ይከፍላል፤ ጓደኞቹ ሲሞቁ እርሱ ይደክማል። በ«አርስ ማጂካ» ደንብ «መፍጠር»ንና «እሳት»ን በቦታው ያጣምራል፤ ድካሙን ግን አያመልጥም። በ«ሜጅ» ደንብ ክብሪት በእጁ ካለ እርጥቡ እንጨት «እንደ ዕድል» ይያያዛል፤ በባዶ እጁ ነበልባል ቢያወጣ ግን ይቀጣል።

ሁሉም ስለ አንድ እሳት ናቸው። ነገር ግን አንደኛው ስለ ዝግጅት፣ ሁለተኛው ስለ ኃያልነት፣ ሦስተኛው ስለ መሥዋዕትነት፣ አራተኛው ስለ ጥበብ፣ አምስተኛው ስለ ጥንቃቄ የሚተርክ ጨዋታ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የዋጋው ደንብ ነው።

ንጽጽር ከኢትዮጵያ የክታብ ልማድ ጋር

በአማራና በትግራይ ደጋማ አገሮች ክታብ የሚጽፉት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ደብተሮች ናቸው። የደብተራ ዋና ሥራው ዜማና ማኅሌት ሲሆን፣ ክታብ መጻፍና ሥር መማስ አንዳንዶቹ ከቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ውጭ የያዙት ሙያ ነው። ቤተ ክርስቲያን አስማትንና ጥንቆላን ታወግዛለች። ልማዱን ከጻፉት የውጭ ተመራማሪዎች መካከል ማርሴል ግሪዮልና ዣክ መርሲዬ ይገኙበታል። የብራና ክታቦች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየምና በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል።

የክታብ ደንብ በሚከተሉት ነጥቦች ይገለጻል።

ስሌት፦ ሐሳበ ከዋክብት በተባለው ስልት የሰውየው ስምና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ይተካሉ። ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የቀረውም ቁጥር ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ኮከቦች አንዱን ያመለክታል። ለምሳሌ ድምሩ 100 ቢሆን፣ በ12 ሲገደፍ 4 ይቀራል፤ አራተኛውም ኮከብ ሸርጣን ነው። በጨዋታ ዳይስ በሚቆምበት ቦታ እዚህ ስም ይቆማል። ውጤቱ ዕድል አይደለም፤ ስምን የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ያገኛል።

ልክ፦ ብራናው ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ይዘጋጃል። ቁርጥራጮቹ ተሰፍተው ርዝመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ነው። ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይከተትና በአንገት ይንጠለጠላል።

ስም፦ የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቶቹ መካከል ደጋግሞ ይጻፋል፤ ብዙውን ጊዜም በቀይ ቀለም ነው። ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይገባል። እንዲህ ተፍቀው የተጻፉ ስሞች በብዙ ጥንታዊ ክታቦች ላይ ይታያሉ።

ታሪክ፦ ጸሎቶቹ ብዙውን ጊዜ አንድ ድልን ይተርካሉ። ከሁሉ የታወቀው ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን ድል ያደረገበት ታሪክ ነው፤ ይህም የወለዱና ያረገዙ ሴቶች በሚይዙት ክታብ ይበዛል። «መርበብተ ሰሎሞን» ደግሞ ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን በስማቸው ያጠመደበትን ይተርካል።

ዐይን፦ በጠልሰሞቹ መካከል ትልልቅ ዐይኖች፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከቦችና ሰይፍ የያዙ መላእክት ይሣላሉ። በልማዱ መሠረት በሽተኛው ሥዕሉን ሲያይ ያደረበት ጋኔን በእርሱ ዐይኖች በኩል ያየውና ይሸሻል።

ይህ ሥርዓት ከጨዋታዎቹ ጋር ሲነጻጸር አስቀድሞ መዘጋጀቱ ከትውስታው ደንብ ጋር ያመሳስለዋል፤ በስምና በአካል ልክ ከባለቤቱ ጋር መያያዙ ደግሞ ከ«አርስ ማጂካ» ጋር ያቀራርበዋል። በአንድ ዋና ነገር ግን ከሁሉም ይለያል፤ አያልቅም። በቀን የሚሞላ ነጥብ የለውም፤ ቢጠቀሙበት አይቀንስም። ወሰኑ መጠን ሳይሆን ባለቤትነት ነው። ለአንድ ሰው የተጻፈ ክታብ ስሙ ካልተለወጠ በስተቀር ለሌላው አይሠራም። ዓላማውም ጠላትን መምታት ሳይሆን በአብዛኛው መጠበቅ ነው።

የዛር ልማድ በሌላ በኩል ለውል ሥርዓት ይቀርባል። ዛር የያዘው ሰው የመንፈሱ «ፈረስ» ይባላል። መንፈሱ ጨርሶ ከመባረር ይልቅ ይለመናል፤ ልብስ፣ ቡና፣ ሽቶ ወይም የታዘዘ ዓይነት ዶሮ ወይም በግ ይጠይቃል፤ ግብሩም በየጊዜው ይከፈላል። ይህ ከዋርሎክ ውል ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ዋርሎክ ኃይል ፈልጎ ውሉን ሲገባ፣ የዛር ፈረስ ግን ሳይፈልግ ተይዞ ሰላም ለማግኘት መክፈሉ ነው።

በአጭሩ

«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»፦ ዋጋው ትውስታ ወይም የቀን ኮታ፤ ከፋዩ አስማተኛው።
«ተነልስ ኤንድ ትሮልስ»ና «ጉርፕስ»፦ ዋጋው ጉልበት፤ ከፋዩ አስማተኛው።
«ሻዶውራን»፦ ዋጋው በኋላ የሚመጣ ጫና፤ ከፋዩ አስማተኛው።
«ሩንክዌስት»፦ ዋጋው የነፍስ ኃይልና የማኅበር ግዴታ፤ ከፋዩ አማኙ።
«ኮል ኦቭ ክቱሉ»፦ ዋጋው የአእምሮ ጤና፤ ከፋዩ ያነበበው ሰው።
«ሜጅ»፦ ዋጋው ፓራዶክስ፤ መጠኑን የሚወስነው ታዛቢው።
ክታብ፦ ዋጋው የብራናው፣ የልኩና የጸሐፊው ክፍያ፤ ከፋዩ ባለቤቱ።
ዛር፦ ዋጋው ተደጋጋሚ ግብር፤ ከፋዩ የተያዘው ሰውና ቤተ ሰቡ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ያለው ዋጋ በነጥብ ሳይሆን በገንዘብና በንብረት የሚከፈል ነው።

ተቃውሞና ጥንቃቄ

አስማትን የሚመለከት ክርክር በሰሜን ሸዋ ረጅም ታሪክ አለው። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል። «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» ጠንቋዮችንና ወደ እነርሱ የሚሄዱትን ይገሥጻሉ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው፣ ሕዝቡ በግንባሩና በእጁ ላይ ሥላሴን የሚያምን፣ ሰይጣንንና ዳስክ የተባለውን ጣዖት የሚክድ ቃል እንዲያደርግ አዝዘው ነበር። መተተኞችን በመፍራት ካህናት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ቀንና ሌሊት ዳዊት እንዲደግሙና ጠበል እንዲረጩ አድርገዋል። የተከለከለውን ጽሕፈትና ድግምት ለመመከት የቀረቡትም ጽሕፈትና ዳዊት ነበሩ።

በ1980ዎቹ በአሜሪካ ደግሞ አንዳንድ ወላጆችና የሃይማኖት ቡድኖች «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይመራል ብለው ዘመቱበት። በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም አሳታሚው አጋንንትን የሚጠሩ ቃላትን አስወጣ። በኋላ በወጡ እትሞች ቃላቱ ተመልሰዋል። ጨዋታው ውስጥ ያለው ድግምት ከቁጥርና ከደንብ ያለፈ አይደለም፤ ከጠረጴዛው የተነሣ ተጫዋች የከፈለው ዋጋ የለም።

በኢትዮጵያ ልማድ ላይ የተመሠረተ ጨዋታ ሲዘጋጅ ግን ይህ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። ክታብ የሚያስጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ በሽተኛ ወይም ልጅ የሞተባት እናት ናት፤ ለዛር ግብር የሚከፍለውም ተጨንቆ ነው። የእነርሱ ዋጋ ሲያርፉ አይመለስም። በመሆኑም ከልማዱ ለጨዋታ ሊወሰድ የሚችለው ጸሎቱ ወይም ቅዱስ ስሙ ሳይሆን የደንቡ ቅርጽ ነው፤ በ12 የሚገደፍ ስም፣ በቁመት የሚለካ ብራና፣ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሠራ ጽሕፈት፣ ሲፋቅም የሚያበቃ ጥበቃ። እስካሁን ከተነጻጸሩት ጨዋታዎች አንዱም ስምን እንደ ዋና ሀብት አልቆጠረም፤ በአማርኛ ግን የአስማት ትርጉም ራሱ ስሞች ማለት ነው።